ሳይሸመደድ ሉሕ አይታጠብም

ባለፈው ወር ሠልጣኞችና ጥቂት መምህራን አንድ ላይ ሆነን ወደ ሐሮ ወንጪ የጥናት ጉብኝት ማድረጋችን ይታወሳል። ከአምቦ ተነሥተን ዳገቱን ስንያያዘው የእንሰቱና የገብሱ ማሳ፣ ከዚያም የደጋው ብርድ ተቀበለን። ከጥንቱ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ሐይቁ ከነደሴቱ፣ ደሴቱም ከነቂርቆስ ቤተ ክርስቲያኑ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ታየን። ስለ ውበቱ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ጉብኝቱን ማውሳት አይደለም። ውኃው ዳር ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ ያልለቀቀን።

ክርክሩን የጀመረው ከመካከላችን አንዱ ነው። ወደ ደሴቱ እያመለከተ፣ «የድሮ ትምህርት ቤት ማለት እንዲህ ነው። የቄስም ይሁን የሸህ፣ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነው። አዲስ ነገር አይደርስበትም» አለ። ብዙዎቻችን ሳቅን። አንድ የወሎ ልጅ ግን አልሳቀም። ይህ ጓደኛችን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ደረሳ ሆኖ ከአንድ ሸህ ዘንድ ቀርቷል። «ተው እንጂ ወንድሜ! ደሴቱ ላይም'ኮ በጀልባ ይገባል። ሰዎቹ የሚጠይቁት ጀልባው ምን ጭኖ መጣ ብለው ነው» አለ። በዚህ ጊዜ ከመምህራኖቻችን አንዱ፣ «እስቲ ንገረን፤ ሸሁ አዲስ የማስተማሪያ ነገር ሲመጣላቸው እንዴት ነው የሚወስኑት?» ብለው ጠየቁት። እሱም የሰሌዳውን ታሪክ አጫወተን።

ታሪኩን ከመንገራችን በፊት ነገሩ ለምን እኛን እንደሚመለከት ማስታወቅ ይገባናል። በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ እንሰማራለን። በመገምገሚያው ቅጽ ላይ «አዲስ የማስተማር ዘዴ ተጠቅሟል» የሚል አንድ ረድፍ አለ፤ አሥር ነጥብ ይዟል። አዲስ ዘዴ ያሳየ አሥሩን ያገኛል፤ ያላሳየ ያጣል። ዘዴው ለዚያ ክፍል ይበጃል ወይስ አይበጅም፣ እኛ ስንሄድስ ይቀራል ወይስ ይቀጥላል ብሎ የሚጠይቅ መስመር ግን በቅጹ ላይ የለም። እኛ ይህ ረድፍ መለወጥ አለበት ባዮች ነን። ምክንያታችንንም ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከደረሳ ቤት እናመጣለን።

ደረሳ ቤትን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንበል። በወሎ ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ሾንኬ የመሳሰሉት ቦታዎች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የእስላማዊ ዕውቀት ማዕከሎች ሆነው ቆይተዋል። ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ተማሪው ደረሳ ይባላል። ከአገሩ ርቆ፣ ሸሁ ግቢ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። የአካባቢው ሕዝብ ያበላዋል፤ እሱም ለሸሁ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ቁርአን ከቀራ በኋላ ፊቅህ፣ ከዚያ የዓረብኛ ሰዋስው ማለትም ነሕውና ሶርፍ፣ በመጨረሻም ተፍሲር ይከተላል። አንዱ ሸህ በነሕው የታወቁ ከሆኑ ሌላው በፊቅህ የታወቁ ናቸው፤ ስለዚህ ደረሳው ከአንዱ ወደ ሌላው ይጓዛል። የቆሎ ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት እንደሚጓዘው ማለት ነው። በሁለቱም ዘንድ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል። እኛ በኮርሶቻችን «ተማሪ ለተማሪ» እያልን እንደ አዲስ ግኝት የምንማረው ነገር እዚያ የዕለት እንጀራ ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸውና። ጓደኛችን በሚቀራበት ቦታ አንድ የከተማ ነጋዴ ለበጎ ሥራ ብሎ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ካርቶን ጠመኔ በአህያ አስጭኖ ላከ። ሸሁ ሰውየውን መረቁ፤ ሰሌዳውን ግን ወዲያው አልሰቀሉትም። ግድግዳ ተደግፎ አንድ ወር ያህል ከረመ። ወጣቶቹ ደረሶች፣ «ምነው አንጠቀምበትም?» እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። ሸሁ አንድ ምሽት ትልልቆቹን ደረሶችና ሁለት የመንደር ሽማግሌዎች ጠርተው፣ «ይህ ሰሌዳ ሲደመሰስ ልጁ ዘንድ ምን ይቀራል?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሉሕን ማወቅ ያስፈልጋል። ሉሕ ከእንጨት የተጠረበ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ አለው። የዕለቱ ትምህርት በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል። ልጁ ማታ እሳት ዳር፣ ጧት በጎህ እየደጋገመ ያጠናዋል። ከሸሁ ወይም ከአስጠኚው ፊት ቀርቦ ሳይደናቀፍ ሲወጣው ብቻ ሉሑ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍለታል። ያልያዘ ልጅ ሉሑ አይታጠብም። አንዱ በሦስት ቀን፣ ሌላው በሳምንት ያጥባል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም ተጎትቶ አያልፍም። ያጠቡበትም ውኃ ቅዱስ ቃል የተጻፈበት ስለሆነ ንጹሕ ቦታ ይፈስሳል እንጂ የትም አይደፋም።

አሁን ጥቁር ሰሌዳውን እናስብ። ሠላሳ ልጅ አንድ ሰሌዳ ያያል። ሲደመሰስ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደመሰሳል፤ የያዘውም ያልያዘውም እኩል ያልፋል። ማታ ልጁ ጎጆው ሲገባ በእጁ ምንም የለም። በዚያ ላይ የቁርአን ቃል ጠመኔ ሆኖ መሬት ላይ ይረግፍና ይረገጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ነሕው ሲማሩ አንድን ዓረፍተ ነገር እየበለቱ ይህ ባለቤት ነው፣ ይህ ተሳቢ ነው እያሉ ለብዙ ሰው አንድ ጊዜ ማስረዳት ያስፈልጋል። ለዚህ ሰሌዳው ግሩም መሣሪያ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጠመኔው ሲያልቅስ ማን ይገዛል?» ብለው ጠየቁ። ነጋዴው ተጠይቆ በየዓመቱ አንድ ካርቶን ለመላክ ቃል ገባ። በመጨረሻም ተወሰነ፦ ለቁርአን ሉሑ ይቀጥል፤ ለነሕው ሰሌዳው ይሰቀል፤ መጀመሪያም በአንድ የደረሳ ክብ ይሞከር። ከሁለት ወር በኋላ ሌሎቹም ክቦች «ለእኛም» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለውን ሰው «አዲስ ነገር የማይቀበል» ልንለው እንችላለን? ሸሁ ሰሌዳውን በጭፍን አልተቀበሉትም፤ በጭፍንም አልጣሉትም። ስንመረምረው አራት ነገር ነው የጠየቁት። አንደኛ፣ ለየትኛው ትምህርት ነው? ሁለተኛ፣ ልጁ ዘንድ ምን ይቀራል፣ ምንስ ያፈናቅላል? ሦስተኛ፣ ማን ይሸከመዋል? አራተኛ፣ በትንሹ ሞክረን ባይሆን መመለስ እንችላለን ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን የአገራችንንና የሌላውን ዓለም ልምድ ብናይ ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ለየትኛው ትምህርት የሚለውን እንውሰድ። የወሎ ሸሆች ለሊቃውንቱ ዓረብኛን ይዘው ሳለ ለሰፊው ሕዝብ ሲሉ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ጀምረዋል። ይህ ዓይነቱ ጽሕፈት ዐጀሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ያረፉት ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር በዚህ መንገድ ካስተማሩት ስመ ጥሩ ሊቃውንት አንዱ ናቸው። መንዙማውን ማንበብ የማይችል ገበሬ ሰምቶ ይይዘዋል፤ ትምህርቱም በዜማ ቤቱ ድረስ ይገባል። ይህ በዘመኑ ታላቅ የማስተማሪያ ለውጥ ነበር። ነገር ግን ለኪታቡ ትምህርት ዓረብኛውን አልተካም፤ ለተለየ ሰውና ለተለየ ዓላማ የተሠራ ነው። የቁርአን የአማርኛ ትርጉምም በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የሠሩት በአገሩ ባህላዊ ትምህርት የበሰሉ ሊቃውንት ነበሩ። ትርጉሙ ለመረዳት ይጠቅማል፤ በሰላት የሚቀራው ግን ዛሬም ዓረብኛው ነው። ሁለቱም በየቦታቸው ሲቀመጡ ጠብ የለም።

ማን ይሸከመዋል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የእስላሙ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ካህናቱ ተቃውመው እንደነበር በታሪክ ትምህርታችን አንብበናል። ነገሩን ጠጋ ብለን ካየነው ግን ካህናቱን ያሳሰባቸው ሒሳቡና ቋንቋው ሳይሆን አስተማሪው ነበር፤ የውጭ አገር አስተማሪ የውጭ ሃይማኖት ይዞ ይመጣል ብለው ፈሩ። ንጉሡም መምህራኑን ከግብፅ፣ ከቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከል አስመጡ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ከእስክንድርያ መንበር ጋር የተያያዘች ስለነበረች ፍርሃቱ ረገብ አለ፤ ትምህርቱም ተጀመረ። አዲሱ ነገር የገባው ተሸካሚው ሲታመን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልባችንን የነካው ግን የሸህ በክሪ ሳጳሎ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሐረርጌ ውስጥ የተወለዱት እኒህ ሊቅ ሳጳሎ በተባለው መንደር ለብዙ ዓመታት ደረሳ ሲያስቀሩ ኖረዋል፤ ስማቸውም ከዚያ መንደር ጋር ተያይዞ ቀረ። ግጥም በኦሮምኛ ይደርሱ ነበር። ሲጽፉት ግን አንድ ችግር አስቸገራቸው። ኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢ አለው፤ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለው። የዓረብኛውም ሆነ የግዕዙ ፊደል ይህን ሁሉ በሚገባ አይዝም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የሚስማማ የራሱ ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ የተፈጠረው በአንድ የገጠር ደረሳ ቤት እንጂ በዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ያስፋፉትም የሸሁ የራሳቸው ተማሪዎችና የደብዳቤ ወዳጆች ነበሩ። ነገር ግን የዘመኑ ባለሥልጣኖች በጥርጣሬ ዐይን አዩት፤ ፊደሉ ታገደ፤ ሸሁም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር እንዲቀመጡ ተደረገ። በመጨረሻም ስደተኛ ሆነው ሶማሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 አረፉ። እሳቸው ሊመልሱት የተነሡትን ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ቁቤ መለሰው። ዛሬ እኛ በምዕራብ ሸዋ ትምህርት ቤቶች በቁቤ ለማስተማር ስንዘጋጅ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ለዚሁ ጉዳይ የደከመው ደረሳ የሚያስቀራ አንድ ሸህ እንደነበር ማወቁ አይከፋም። የባህል ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይወልድም የሚል ቢኖር መልሱ ይህ ነው። አንዳንድ ጊዜ «አይሆንም» የሚለው ውጭ ያለው ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ብንሻገርም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በኢንዶኔዥያ ጴሳንትረን የሚባሉ ደረሳ ቤቶች አሉ። ተማሪው እዚያው ያድራል፤ የሃይማኖት መሪው መምህርም አባትም ነው። ከእነዚህ አንዱ በጃቫ ደሴት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ጎንቶር ነው። ይህ ቦታ በ1936 አንድ አዲስ ክፍል ከፈተ፤ ክፍሉም፣ ሠልጣኞች ልብ በሉ፣ የእስልምና መምህራን ማሠልጠኛ ነበር! ተማሪዎቹ በክፍል ደረጃ ተመደቡ፤ ከዓረብኛ ጋር እንግሊዝኛም ተጨመረ፤ የሃይማኖትና የዓለማዊ ትምህርት ጎን ለጎን ተሰጠ። አዳሪነቱና መምህሩን ማክበሩ ግን እንደነበረ ቀጠለ። በዚያ አገር ያሉ ሊቃውንት የሚመሩበት አንድ መርሕ አለ፤ ሐሳቡ የጥንቱን ደግ ነገር ጠብቅ፣ ከአዲሱም የተሻለውን ውሰድ የሚል ነው። «የተሻለውን» ማለቱን ልብ እንበል። አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ካለው ነገር መብለጡ መመዘን አለበት።

የተገላቢጦሹን ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ እናያለን። በሰሜኑ ክፍል አልማጂሪ የሚባሉ፣ ከአገራቸው ርቀው ቁርአን የሚቀሩና ለምነው የሚበሉ በጣም ብዙ ልጆች አሉ። መንግሥት ችግሩን ለመፍታት አስቦ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ150 በላይ ዘመናዊ የአልማጂሪ ትምህርት ቤቶች አሠራ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ ቀሩ ወይም ለሌላ ሥራ ዋሉ። ሕንፃው ተሠራ፤ ልጆቹ የሚከተሉት መምህር ግን በየመንደሩ ቀረ። ልጁ የሚከተለው መምህሩን እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

እኛም አገር እንዲህ ያለ ነገር አይተናል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው፤ በመሐል ያለው ጊዜ የማያው ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም፤ ይቀጥላል። መብራት ቢጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አብሮ ጠፋ። ያ መሣሪያ ፈጽሞ አልጠቀመም አንልም፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራን በምስል አሳይቷል። ነገር ግን «ተማሪው ዘንድ ምን ይቀራል? የክፍሉን መምህር ምን ያደርገዋል?» ተብሎ እንደ ሸሁ ሰሌዳ አንድ ወር ግድግዳ ተደግፎ አልከረመም። ባንድ ጊዜ ለሁሉም ተሰቀለ።

ይህን ስንል ግን የደረሳ ቤት እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ሚዛናችን ሚዛን እንዲሆን ጉድለቱንም መናገር አለብን። ውሳኔው ባብዛኛው በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ያረፈ ነው፤ ሸሁ አስተዋይ ከሆኑ ቤቱ ይለመልማል፣ ካልሆኑ ግን የሚያርማቸው የለም፤ ሲያርፉም ደረሳው ይበተናል። ሴት ልጅ ከዚህ የአዳሪነት ትምህርት ባብዛኛው ውጭ ሆና ኖራለች። ስንቱ ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃሉን ብቻ ሸምድዶ ቀርቷል! አርጩሜውም አለ። ዓመታት ከደከመ በኋላም የያዘው ዕውቀት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚቆጠርለት ወረቀት የለውም። ጓደኛችን ራሱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያውም «ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ እንጂ አርጩሜው ላይ አልጠየቋቸውም» ብሎናል። አባባሉ እውነት ነው። አሮጌው ነገርም እንደ አዲሱ ሁሉ ለጥያቄ መቅረብ አለበት። እኛ ልንወርስ የሚገባን የአጠያየቁን መንገድ ነው፤ መልሱን ሁሉ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ግለ ሂስ ማድረግ ካለብን እንዲህ እንላለን። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወደ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ። የክፍሉ መምህርት አንድ ልማድ ነበራቸው። ጧት ጧት ልጆቹ ተራ በተራ ጠረጴዛቸው አጠገብ እየቀረቡ እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ያነባሉ። ያላነበበ በማግሥቱ ያንኑ መስመር ይደግማል። እኛ ይህን ስናይ «ኋላ ቀር ነው፤ ጊዜ ይፈጃል» አልን። ወንበሮቹን በክብ አደረግን፤ በቀለም የተጻፉ ካርዶች አከፋፈልን፤ የቡድን ሥራ አስጀመርን። ክፍሉ ደመቀ። ገምጋሚው መጥተው አዩ፤ አሥር ከአሥር ሰጡን። መምህርቷ ዝም ብለው ከኋላ ተቀመጡ። አንድም ቀን «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለን አልጠየቅናቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡና በአፋን ኦሮሞ፣ «ልጄ መስመሯን መቼ ነው የምታነበው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በቡድኑ ውስጥ ፈጣን የሆኑት ልጆች ካርዱን ያነብባሉ፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከኋላ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ለሦስት ሳምንት ሉሷን ሳታነብ ታጠበላት ማለት ነው። ስንመለስ ካርዶቹን ይዘን መጣን። ለመምህርቷ የቀረላቸው የተቋረጠ ልማድና ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ናቸው። አሥሩ ነጥብ ግን እስከ ዛሬ በውጤታችን ላይ አለ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ ነጥለን አንወቅስም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ሁሉ አንድ ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ስንቶቹ መስመራቸውን ሳይወጡት ሰሌዳው ተደምስሶባቸው ይሆን? በታችኞቹ ክፍሎች ማንም ሳይወድቅ ይለፍ ሲባል ልጁ እንዳይሸማቀቅ ተብሎ ነው፤ መልካም ነው። ያላወቀውን ማን መልሶ ያስይዘዋል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል።

ስለሆነም ለተቋማችን መምህራንና ለሠልጣኝ ባልደረቦቻችን የሚከተለውን ሐሳብ በአክብሮት እናቀርባለን። በመገምገሚያው ቅጽ ላይ ያለው «አዲስ ዘዴ ተጠቅሟል» የሚለው ረድፍ ይነሣ። በምትኩ አሥሩ ነጥብ ለአራት ጥያቄዎች ይከፋፈል። ሠልጣኙ ዘዴውን ለየትኛው ትምህርትና ለየትኞቹ ልጆች እንደመረጠ አስረድቷል? ዘዴው የትኛውን ነባር ልማድ እንደሚያፈናቅል አይቶ ከክፍሉ መምህር ጋር ተመካክሯል? እሱ ከሄደ በኋላ መምህሩ በቦታው በሚገኝ ነገር ሊቀጥልበት ይችላል? በጥቂት ልጆች ሞክሮ፣ የደከመው ልጅ ምን እንደያዘ አይቶ ነው ያስፋፋው? እነዚህን አራቱን መልሶ «ነባሩን ልማድ ማስቀጠል ይሻላል» ብሎ የወሰነ ሠልጣኝም ሙሉ ነጥብ ያግኝ። መወሰን ራሱ የመምህር ሥራ ነውና።

አንዳንድ መምህራን፣ «ይህ ከሆነ ሠልጣኙ ሰነፍ ይሆናል፤ የለመደውን ይዞ ይቀመጣል» ሊሉ ይችላሉ። ሥጋታቸው ይገባናል፤ አለ እንዲህ ያለ ሰው። ነገር ግን አራቱን ጥያቄዎች በሚገባ መመለስ ካርድ ቆርጦ ከመምጣት ይበልጥ ያደክማል። ልጆቹን ማወቅ፣ መምህሩን መጠየቅ፣ ከወላጅ ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ሰነፍ ሊያመልጥበት የሚችለው አሁን ያለው ረድፍ ነው። አንድ ቀን የደመቀ ክፍል አሳይቶ አሥሩን ይዞ ይሄዳል።

ከወንጪ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ፈረስ ይዞ የሚመራ አንድ ልጅ አብሮን ይሄድ ነበር። በአካባቢው ስለ ተሠራው አዲስ መንገድና ስለ ሎጁ ጠየቅነው። «መልካም ነው፤ ሰው ይመጣል» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ፈረሱስ?» ብሎ ጠየቀን። ልጁ አዲሱን ነገር አልጠላም፤ እንደ ሸሁ ሁሉ የሚፈናቀለውን ነው የጠየቀው። እኛ በየትምህርት ቤቱ አዲስ ዘዴ ይዘን ስንገባ ይህን የሚጠይቀን ልጅ ላይኖር ይችላል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ አትጠይቅም፤ ከኋላ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ስለዚህ እኛው እንጠይቅላት።

በዚህ ጉዳይ ላይ የመምህራኖቻችንንና የሠልጣኞችን አስተያየት፣ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም፣ በሚቀጥለው እትም ለመለጠፍ ዝግጁ ነን። ጽሑፋችሁን ለዝግጅት ክፍሉ አባላት አስረክቡን።